ከማሽኑ ያልወጡ ስሞች

ናዝሬት፣ የካቲት 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለዘርፉ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ሰነበትሽ? የእናትሽ ጉልበትስ ተሻላቸው? እኔና ወርቅውሃ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ ከናዝሬት ንፋስና አቧራ በቀር የከፋ አላገኘንም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የካርድ ሣጥን ብቻ እየላክሁ ደብዳቤ በማስቀረቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሀሰን መኪናውን አስነስቶ ክላክስ እያደረገ «ጋሼ፣ ሞጆ ላይ የከባድ መኪና ሰልፍ ሳይዘጋብኝ ልውጣ» ሲለኝ ብዕር ለማንሳት ጊዜ አጣሁ።

የጠየቅሽኝን በቀጥታ ልመልስልሽ። አዎ፣ የእህል እደላውን ፕሮግራም ለሦስተኛ ጊዜ ለውጬዋለሁ። ፈቃድም የለኝም፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብትጠይቂኝ የማሳይሽ የለኝም።

ምክንያቱን ስሚኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ባጫ የሚባል የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ከወለንጪቲ በእግሩ መጥቶ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ውሃ ሰጠሁት። በላይነሽ ናት የላከችው፤ የወለንጪቲ መጋዘን ኃላፊዋ፣ በእኛ ዝርዝር እህል የምታድለው።

«ስማችሁ ከማሽኑ አልወጣም አለችን» አለኝ። «ሁለት ጊዜ ሄድን፣ ሁለት ጊዜ ባዶ ስልቻ ይዘን ተመለስን። ማሽኑ አላየንም እንዴ?»

«ማሽን አያይም። የነገሩትን ብቻ ነው የሚያውቀው» አልኩት።

«እንግዲያው ያልነገረው ማን ነው?»

እመለከተዋለሁ ብዬ ሸኘሁት፤ ያልነገርኩት እኔ ነኛ። የእደላው እቅድ ሲጸድቅ የስምጥ ሸለቆው ማኅበራት ሁሉ ቁጥር ተሰጥቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ የባጫም እንዲሁ። አዲሱ ቁጥራቸው ከጸደቀው መዝገብ ላይ የለም። በሰነዱ ላይ «ያልተመዘገበ ቁጥር ይታለፍ» የሚል መስመር አለ፣ እኔም እንደታዘዝኩት ጻፍኩት። እኛ እዚህ ቁጥራቸውን በወረቀት ካርድ ላይ እንበሳለን፣ ሀሰን ቅዳሜ ያመጣልሻል፣ አንቺ አዲስ አበባ ማሽኑ ውስጥ ታስገቢያለሽ፤ ማሽኑም አንብቦ፣ ዝም ብሎ፣ ያልፋቸዋል። ስህተት አለ ብሎ እንኳ አያትምም። ባጫ ማኅበር ውስጥ አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት አባወራ አለ።

በዚህ ሣጥን የፕሮግራሙ አዲስ መስመሮች የተበሱባቸው፣ በክር የታሰሩ አሥራ አንድ ካርዶች አሉ። በአሮጌዎቹ ቦታ አስገቢልኝ። ከእንግዲህ ማሽኑ በወለንጪቲ ዝርዝር ላይ የማያውቀውን ቁጥር ሲያገኝ ለብቻው ቆጥሮ ድርሻውን ያትማል።

«ትንሽ ሠርቶ፣ ለተጠቃሚው አሳይቶ፣ አርሞ መቀጠል የሚሉትን ከየትኛው የፈረንጅ መጽሐፍ አገኙት?» ብለሻል። ያገኘሁት ከውርደት ነው። በ1962 ለአንድ ትልቅ ጋራዥ የመለዋወጫ ዕቃ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ፈጀ። እያንዳንዱ ገጽ ተፈርሞበታል። በተመረቀ ቀን ዕቃ ቤቱ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን አገላብጠው «ዕቃው የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ግን አይነግረኝም?» አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን እሳቸው ዘንድ አልሄድኩም ነበር። በሳምንቱ ወደ ድሮ ደብተራቸው ተመለሱ።

ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ የምጽፈው መጽሐፌ የዘገየውም በዚህ ነው። ሰው ሁሉ እያሳየ ይሥራ ብዬ እየሰበክሁ፣ ሦስት መቶ ገጽ ለማንም ሳላሳይ ደብቄ ጻፍኩ። አሁን ወለንጪቲ በሄድኩ ቁጥር አንዳንድ ምዕራፍ ለበላይነሽ አነብላታለሁ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ እንቅልፌ መጣ» ካለች ያን ገጽ እንደገና እጽፋለሁ። አራተኛውን ምዕራፍ ልኬልሻለሁ። ሳታዝኚልኝ አንብቢው።

መምህርሽ
መርዳሳ

አዲስ አበባ፣ የካቲት 11 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መርዳሳ፣

የአክብሮት ሰላምታዬ ለእርስዎና ለእትዬ ወርቅውሃ ይድረስ። የእናቴ ጉልበት እንዳለ ነው፤ እሷ ግን ስለ ጉልበቷ የጠየቃት ሰው አለ ስላት ደስ አላት።

ካርዶቹን ለውጫለሁ። ዝርዝሩ እስኪታተም ቆሜ ጠበቅሁ፤ የባጫ ማኅበር አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ወጣ።

ማንም አይቶሽ እንደሆነ ንገሪኝ ብለው በሀሰን በኩል ላኩብኝ። አይቶኛል፤ ጓድ ነጋሳ። የእቅድ ክፍል ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ማሽን ክፍሉን እንደ ቤቱ ጓዳ ነው የሚገባበት። ካርዶቹን ሳወጣ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«ምንድን ነው የምታወጪው?» አለኝ።

«የተቀደደ ካርድ ነው» አልኩት።

አንዱን አነሳና ወደ መብራቱ አየው። ካርዱ ደህና ነበር። መልሶ አስቀመጠውና ወጣ። ጋሼ፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ምዕራፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ተጽፎ አይቼ አላውቅም፤ የራሴን ሥራ ሌላ ሰው እየነገረኝ መሰለኝ። ግን አንድ ቦታ አለ፦ «እቅድ ማለት ገና ያላየነውን መገመት ነው። ካየን በኋላ ካላረምነው፣ ያገለገልነው ግምታችንን እንጂ ሰውን አይደለም።» ስለ እግዚአብሔር ይህን ያውጡት። እርስዎ ስለ ፕሮግራም እንደጻፉት እኔ አውቃለሁ። የመንግሥት መሪ እቅድ በየግድግዳው ተሰቅሎ ባለበት ዘመን ሌላ ሰው እንዴት እንደሚያነበው ግን ያስቡት።

ስለ ወንድሜ ያውቃሉ። በ1970 «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ተብሎ ወጣ። እናቴ እስከ ዛሬ የግቢውን በር አታስቆልፍም። ፈሪ ነሽ ከማለትዎ በፊት እሱን ያስታውሱልኝ።

ተማሪዎ
ዘርፉ

ናዝሬት፣ የካቲት 22 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለዘርፉ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። ፈሪ አላልኩሽም፣ ልልሽም አልችልም። የምቆጣሽ በሌላ ነው፤ ለእኔ ብለሽ ለምን ዋሸሽ? የለወጥኩትን ሁሉ ከነቀኑ፣ ከነምክንያቱ፣ ማን እንደጠየቀኝ ጭምር በደብተር እጽፋለሁ። የሚጠይቀኝ ከመጣ ደብተሩን ዘርግቼ አሳየዋለሁ። «የተቀደደ ነው» ስትዪ ግን ትክክለኛውን ሥራ ስርቆት አስመሰልሽው።

በሀሰን በኩል እህሉ ደረሳቸው ወይ ላልሽኝ፣ ደርሷቸዋል። በላይነሽ እንደነገረችኝ ስም ሲጠራ አንዲት አሮጊት አንዴ ተጠርተው ሦስት ጊዜ «አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ» አሉ። ሰው ሳቀ፤ በላይነሽ ግን «እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ» አለችኝ።

አሁን ደግሞ የከፋውን ልንገርሽ። ባጫ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከሀሰን ጋር በዓለም ጤና፣ በመቂና በዝዋይ ያሉትን መጋዘኖች ዞርኩ። እንደ ባጫ የተከፈሉ አሥራ ዘጠኝ ማኅበራት ናቸው፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ አባወራ። አንዳንዶቹ መንደራቸውን ጥለው ወጥተዋል፤ የት እንደሄዱ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ይህ በአሥራ አንድ ካርድ ተደብቆ የሚስተካከል አይደለም። ዛሬ ለዋናው መሥሪያ ቤት በግልጽ ጽፌያለሁ፤ ደብዳቤው ከዚህ ሣጥን ጋር ነው። ለጓድ ነጋሳ አንቺው እንድትሰጪው አልጠይቅሽም፤ ሀሰን መዝገብ ቤት ያስገባዋል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ቢጠይቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው።

ዓረፍተ ነገሩን አላወጣሁትም። ሞከርኩ። ያለ እሱ ምዕራፉ ስለ ካርድ አደራደር ሆኖ ቀረ።

መርዳሳ

አዲስ አበባ፣ የካቲት 25 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መርዳሳ፣

በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ሀሰን እየጠበቀኝ ነው።

ምዕራፉን ለማንም አላሳየሁም። መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ዓርብ ዕለት ብፈልገው አጣሁት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጓድ ነጋሳ ጠረጴዛ ላይ፣ ያ ዓረፍተ ነገር በቀይ ተሰምሮበት አየሁት።

ደብተሩን ከቤትዎ ያውጡት። የቀሩትንም ምዕራፎች።

የምደብቅዎት ነገር አለ ወይ ብለው በሀሰን አስጠይቀውኛል። አለ። ዛሬ አልጽፈውም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይቅርታ የጠየቅሁበትን በኋላ ያውቁታል።

ዘርፉ

ናዝሬት፣ የካቲት 29 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ዘርፉ፣

ጤና ይስጥልኝ። በመርዳሳ ፈንታ የምጽፍልሽ እኔ ወርቅውሃ ነኝ።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰ። አነበበውና «ልጅቷ ፈርታለች» አለኝ። ደብተሩን ሰጠኝ። መጽሐፉን ግን «ምን ያደርጉታል፣ አንብበው ይመልሱታል» ብሎ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተወው። ረቡዕ ጠዋት እሱን ከቢሮው ይዘውት ሄዱ፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱን ፈተሹ። መጽሐፉን በሙሉ ወሰዱ። መጽሐፍ ቅዱሱንም ወሰዱ፤ «እዚህ ቤት የጴንጤ ስብሰባ ይደረጋል?» ብለው ጠየቁኝ። «ባልና ሚስት ነን፣ ሁለታችን እንጸልያለን፤ ይህ ስብሰባ ከሆነ አዎ» አልኳቸው።

ምግብ ይቀበሉኛል። እሱን ግን አያሳዩኝም። ትናንት ሳህኑን ሲመልሱልኝ ያልተነካ ነበር።

ክሱ በእቅድ ላይ አሻጥር የሚል ነው። እስር ቤቱ በር ላይ ያለው ሰው «ከአዲስ አበባ የተፈረመ የምስክርነት ቃል አለበት፣ አትድከሚ እማማ» አለኝ። ዘርፉ፣ አንቺ እዚያው ነሽ። እንደ ልጁ ነበር የሚያይሽ። ማን እንደፈረመበት አጣሪልኝ። ቢያንስ ማንን እንደበደልን እንወቅ።

ወርቅውሃ

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅውሃ፣

የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ከዚህ በላይ ለማንበብ ባይፈልጉ አይፈረድብዎትም። ቢያነቡ ግን እንዲህ ነው። የካቲት 21 ቀን ሐሙስ ጓድ ነጋሳ አስጠራኝ። ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል። «ካርዶቹን የለወጥኩት ምንነታቸውን ሳላውቅ፣ በመርዳሳ ትእዛዝ ተታልዬ ነው» ይላል። አልፈርምም አልኩ። የወንድሜን ፋይል ከመሳቢያው አውጥቶ ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠው። አልከፈተውም። «እናትሽ ብቻቸውን ናቸው የሚኖሩት?» አለኝ። ፈረምኩ።

ሰኞ ዕለት ለጋሼ ስጽፍ ፈርሜ አራት ቀን ሆኖኝ ነበር። ሳልነግራቸው «ይቅርታ» ብቻ ጻፍኩ።

መጋቢት 12 ጉዳዩ በኮሚቴ ይታያል። እኔም በምስክርነት ተጠርቻለሁ። ደብተሩ እርስዎ ዘንድ ካለ ለሀሰን ይስጡልኝ። በእሱ እየተመራሁ ሁለቱንም ፕሮግራም ማስኬድ እችላለሁ፤ ማኅተም ያረፈበትንም፣ የጋሼንም። አልሰጥም ቢሉ መብትዎ ነው። በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም ለእኔ አልሰጥም።

ዘርፉ

ናዝሬት፣ መጋቢት 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

ዘርፉ፣

ደብተሩ ሀሰን እጅ ነው። ለአንቺ ብዬ አይደለም የላክሁት። በላይነሽ መጥታ ስለለመነችኝ ነው፤ «እናንተ ስትጣሉ የእኔ ሰዎች በባዶ ስልቻ ይቆማሉ» አለችኝ።

የሆነውን ነገር ጻፊልኝ። ደጄን ግን እንዳትረግጪ።

ወርቅውሃ

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 16 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅውሃ፣

ጻፊልኝ ስላሉ ነው የምጽፈው።

ዝርዝሩን በሁለት ዓይነት አተምኩት። ካርድ የምትበሳው ዘመናይ ምንም ሳትጠይቀኝ ወረቀቱን እያጠፈች ስትሰጠኝ ዋለች። ሐሙስ ዕለት ሁለቱን ክምር ተሸክሜ ገባሁ። ሰብሳቢው ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ጓድ ነጋሳ ወረቀቴን አነበበና «ፊርማሽ ይህ ነው?» አለኝ።

«ፊርማው የእኔ ነው፣ ነገሩ ግን ውሸት ነው» አልኩ። «ካርዶቹን የለወጥኩት አውቄ ነው። ፊርማዬን አንስቻለሁ።»

ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ዘረጋሁ። «ይህ የጸደቀው ነው። ይህ አቶ መርዳሳ ያረሙት ነው። በዚህኛው ያሉ፣ በዚያኛው የሌሉ አሥራ ዘጠኝ ማኅበራት አሉ፤ አስምሬባቸዋለሁ።»

«የተሰበሰብነው ስለ አሻጥር ነው» አለ ጓድ ነጋሳ፤ «ስለ ወለንጪቲ አይደለም።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው «እነዚህ ሰዎች እስከ ዛሬ ምን ሲበሉ ቆዩ?» አሉ።

ጓድ ነጋሳ የፈረምኩበትን ወረቀት አጥፎ ፋይሉ ውስጥ ከተተው።

ውሳኔው ቅዳሜ ወጣ። የጋሼ ፕሮግራም ከእንግዲህ በሸለቆው ሁሉ ይሠራል፤ ስሙ «የእቅድ ክፍል ማሻሻያ ቁጥር አንድ» ነው፣ የፈረመበትም ጓድ ነጋሳ ነው። እኔ ከማሽኑ ተነስቼ ወደ መቂ መጋዘን ተዛውሬያለሁ፤ እናቴን ይዤ ሐሙስ እሄዳለሁ። በውሳኔው ስለ ጋሼ አንድም ቃል የለም። ሰብሳቢውን በረንዳ ላይ ተከትዬ ጠየቅኋቸው። «እህሉን አስወጥቻለሁ» አሉኝ። «ሰውየውን ማስወጣት የእኔ ሥልጣን አይደለም።»

እትዬ፣ ይህን በማድረጌ የፈረምኩት ይፋቃል ብዬ አይደለም። አይፋቅም።

ዘርፉ

ናዝሬት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለዘርፉ፣

በሀሰን በኩል የላክሻቸው ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ሳልመልስ የቆየሁት እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው ብዬ ብጽፍልሽ ግማሽ እውነት ይሆናል። ግማሹ ቁጣ ነው።

ከተለቀቅሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ለምን እንደተያዝኩ የነገረኝ የለም፤ ለምን እንደተፈታሁም። ስለ ጤናዬ ጠይቀሻል። ከስቻለሁ፣ ሁለት ጥርስ ጎድሎኛል፤ ሌላውን ለወርቅውሃም አልነገርኳትም፣ ለአንቺም አልጽፍም። ፕሮግራም እንዳልነካ ተከልክያለሁ። እዚሁ ናዝሬት መጋዘን የሚገባና የሚወጣ ስልቻ እመዘግባለሁ። በየሰኞው ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ዝርዝር ሳይ የጻፍኩትን መስመር በወረቀቱ አወጣጥ እለየዋለሁ። ደህና ይሠራል።

መጽሐፉ አልተመለሰም። ሄጄ ጠየቅሁ፤ «የት እንዳለ አይታወቅም» ተባልኩ። ስድስት ዓመት የጻፍኩት ነው። እንባ የመጣብኝ እስር ቤት አልነበረም፤ እዚያ ቢሮ በር ላይ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። ይቅር ይሉኛል ወይ ብለሻል። እውነቱን ንገሪያቸው ብዬ ስለምንሽ በዋዜማው ፈርመሽ ነበር። ይህን ከወርቅውሃ አፍ ስሰማ ስምሽ እዚህ ቤት እንዳይነሳ አልኳት። አሁን የምጽፍልሽ ደግ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። እዚያ ሳለሁ ቀኑ አልመሽ ሲለኝ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ በልቤ እደግመው ነበር፤ «ይታለፍ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ያን ቀን ትዝ ይለኛል። ሰነዱን ሳነብ «ይህ ልክ አይደለም፣ ማኅበር ይከፈላል» ብዬ አስቤ ነበር። ስብሰባ ላይ ጥያቄ ማንሳት ፈራሁና ጻፍኩት። አንቺ በአንድ ሰው ላይ ፈረምሽ፤ እኔ በሁለት ሺህ ሦስት መቶ አባወራ ላይ ፈርሜያለሁ። የእኔ ፊርማ በማሽን ቋንቋ ስለሆነ ማንም አላነበበውም። ባጫ እንኳ በጠየቀኝ ቀን ይህን አልነገርኩትም፤ ባለፈው እሑድ ወለንጪቲ ሄጄ ነገርኩት። ሰማኝና «ከማኅበሬ አራት ሰው ቀብሬያለሁ» አለኝ።

እንደገና መጻፍ ጀምሬያለሁ። የጠፋውን አይደለም። በጠፋው መጽሐፍ ውስጥ እኔ ሁሉን ቀድሞ ያወቀ ሰው ነበርኩ፤ አሁን ሳስበው በላይነሽን እንቅልፍ የሚያስወስዳት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ይህኛው ከዚያች መስመር ይጀምራል፤ ማን እንደጻፋት፣ ለምን ዝም እንዳለ። ስድስት ገጽ ሆኗል። የሚያሳትመው ይኖራል ብዬ አይደለም። ግን ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው ካላነበበው የት ላይ ራሴን እንደሸነገልኩ አላውቅም፤ አንቺ ደግሞ መሸንገል ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቅዳሜ እዚህ መጥተሽ አንብቢው።

ወርቅውሃን አስፈቅጄያታለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ስነግራት ልብስ ልታሰጣ ወጣች። እሺም እምቢም አላለችም። ዛሬ ጠዋት ግን ስልቻ ቆጠራ ልሄድ ስል በሩ ላይ ጠራችኝና ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ጠየቀችኝ፤

«የመቂ አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚገባው?»

መርዳሳ